ሩጫ ሊያይ ኳስ ቤት የሚሄድ ሰው

በየሰፈሩ አንድ ኳስ የማይወድ ሰው አለ፤ ከኳስ ቤት የማይጠፋውም እሱው ነው። እቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጠላ ማን ይናገረው ነበር? እሱ ግን የፊት ወንበር ይዞ፣ ሻይ አዝዞ፣ ዘጠናውን ደቂቃ እያየ ካልጠላ አንጀቱ አይርስም። አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ቤት እየተመላለሰ እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለካዛንቺሱ ሱሌማን የደረሱት ጋሽ ገብረጻድቃን ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ፣ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር፣ በኳስ ተመልካቹ አጠራር ደግሞ ብፁዕ አባታችን አቡነ ሩጫ። የሱሌማን ኳስ ቤት ከኡራኤል ወደ ላይ ሲሉ ቡልዶዘር ከረሳቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ወደ ገላንና ወደ አራብሳ ከተበተነ ወዲህ ደንበኛ የሚመጣለት ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ እሱም ለእንግሊዝ ኳስ ሲል ነው። ኳስ የሱሌማን እንጀራ ነው። ጋሽ ገብረጻድቃን ደግሞ እዚያው ተቀምጠው፣ የሱሌማንን ሻይ እየጠጡ፣ እንጀራውን ይረግሙለታል።

ስፖርትን በሙሉ በማዕረግ አስቀምጠውታል። ሩጫ ጳጳስ ነው። ብስክሌት ቄስ ነው፣ ላብ አለበትና። ቦክስ ዲያቆን ነው፤ ቢደባደብም ልቡ ንጹህ ነው። ቮሊቦል መዘምራን ውስጥ ይገባል። ቅርጫት ኳስ ረጃጅም ሰዎች ሥራ እንዳይፈቱ የተዘጋጀ ነገር ስለሆነ አይቆጠርም። እግር ኳስስ ሲሏቸው፣ “እሱማ ደጃፉ ላይ ጧፍ የሚሸጠው ነው” ይላሉ። “ግርግሩ እሱ ጋ ነው፤ ቅዳሴው ግን ውስጥ ነው።” ሱሌማን ሙስሊም ነው፤ ከእሳቸው የተነሳ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ማዕረግ ከነተዋረዱ በቃሉ ይወጣዋል።

ጎል ሲገባ ቤቱ ይገለበጣል፤ ወንበር ይወድቃል፣ ሻይ ይደፋል፣ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል። እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቀው፣ የተደፋባቸውን ሻይ በመሀረብ እየጠረጉ፣ ጎሉን ያገባው ሰውዬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ይጠይቃሉ። አስር ገደማ ይሆናል ይሏቸዋል። ይሄን በዘጠና ደቂቃ? ያውም በመሀል ገብቶ አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ? የእኛ ሴቶች ይሄንኑ በግማሽ ሰዓት ጨርሰው፣ ባንዲራ ለብሰው ሜዳውን ዞረው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይጠብቁታል። ትከሻውን ሲነኩት ወድቆ የሚንከባለለውን ተጫዋች ሲያዩማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ከሁሉ የሚያቃጥላቸው ግን ደጋፊው “እኛ” ሲል ነው። ባምቢስ አካባቢ ባንክ የሚሠራ ቴዎ የሚባል ልጅ አለ፤ ከነክራቫቱ መጥቶ የአርሴናል ማሊያ ከላይ የሚደርብ። አንድ ቀን አጥቂ ገዛን እያለ ገባ። እሳቸው ያዙት። ማንና ማን ሆናችሁ ነው የገዛችሁት? በየትኛው ደሞዝ? ለመሆኑ ሰውየው ካዛንቺስ በየት በኩል እንደሆነች ያውቃል? እኛ ማለት የበቆጂ ልጅ ስትሮጥ ነው አሉት።

“ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሩጫው እኮ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው” አላቸው ቴዎ። “ኳስ በየሳምንቱ አለ። በቃ፣ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነው።”

“ሽሮም በየቀኑ አለ” አሉት። “ፋሲካ ግን በዓመት አንዴ ነው።”

ቤቱ ሳቀላቸው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሳቁ ሳያልቅ ሁሉም ፊቱን ወደ ስክሪኑ መልሷል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰውየው ተሸንፈዋል፤ መሸነፋቸውንም ያውቁታል። ድሮ አስር ሺህ ሜትር የሚሮጥ ቀን መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለው በሩን ከፍቶ፣ የሌለው በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ እልልታው ከቤት ቤት ይቀባበል ነበር። ዛሬ ወርቅ አገኘን ሲባል ሰዉ ስልኩን አንዴ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። ከዚያ ስለ አርሴናል ተከላካይ ጉልበት ሲጨነቅ ይውላል። የተከላካዩ ጉልበት ይማርልን እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ሱሌማንን የሚገርመው ሌላ ነገር ነበር። ጋሽ ገብረጻድቃን እቤታቸው ልጃቸው የገዛችላቸው፣ የእሱን ኳስ ቤት ስክሪን የሚያስንቅ ቴሌቪዥን አላቸው። ሩጫውን ለምን እዚያ ተዝናንተው አያዩም? አንድ ቀን ቤቱ ባዶ በነበረበት ሰዓት ጠየቃቸው።

“ባለፈው ብቻዬን አየሁ” አሉት። “አሸነፍን። ብድግ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ማንም የለም፤ ግራና ቀኙ ጎረቤት ፈርሷል። ራሴን ታዝቤ ቁጭ አልኩ። ሱሌማን፣ ሩጫ ብቻን አይታይም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው ከሰው ጋር ባይ አልጠላም ነበር።”

ሱሌማን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይጠየቅ ሻያቸው ላይ ስኳር ጨመር ያደርግላቸዋል። ሌላ ምን ያድርግ?

ታዲያ የዓለም ሻምፒዮናው መጣ፤ የሴቶቹ አስር ሺህ ሜትር ከአርሴናል ጨዋታ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገጠመ። የሱሌማን ቤት ስክሪን አንድ ነው፣ ሕጉም አንድ ነው፤ ሁለት ነገር እኩል ሲመጣ እጅ ይቆጠራል፣ ብዙ እጅ ያለው ይከፈታል። ጋሽ ገብረጻድቃን ሕጉን ሰሙና አንድ ነገር አሰቡ። የእኛ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ወይ ወደ ጠበል ወይ ወደ እድር ነው የሚሮጠው። እሳቸው ደግሞ ሊቀመንበር ናቸው።

የእድሩን ለፋፊ በለጠን ጠሩት። በለጠ ሰፈሩ ሳይበተን ጡሩንባ ነፍቶ ነበር ለቀብር የሚጠራው፤ አሁን አባሉ ሁሉ ከከተማው ዳር ስለሆነ በስልክ ይጠራል። አባላቱ ቅዳሜ ሱሌማን ቤት እንዲገኙ ደውል አሉት። ምክንያቱን ግን እንዳትናገር፤ ሩጫ ነው ካልካቸው አንዳቸውም አይመጡም አሉ።

በለጠ ዕድሜውን በሙሉ ሞት እንጂ ሌላ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ድምፁም ያችው አንዷ ድምፅ ናት። ቅዳሜ በጠዋት ደወለ። አባላቱ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁት፣ “ስትመጡ ትሰማላችሁ” አላቸው። እስቲ አስቡት፤ መርዶ በስልክ በማይነገርበት አገር፣ የእድር ለፋፊ ደውሎ ስትመጡ ትሰማላችሁ ሲል ምን ይባላል? ደግሞ ሱሌማን ቤት ነው የተባለው። ሱሌማን ቤት ተቀምጦ የሚውል፣ ደም ብዛት ያለበት ሽማግሌ ማን ነው? ሁሉም በየቤቱ አንድ ሰው ገመተ፣ ሁሉም አልቅሶ ጥቁሩን ለበሰ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በቀይ ማሊያ ጢም ብሎ ሳለ በሩ ላይ ዋይታ ተሰማ። የጋሽ ገብረጻድቃን የድሮ ጎረቤት እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንድሜን የሚል ሙሾ እያወረዱ ገቡ። ከኋላቸው የፈረሰው ሰፈር ሰው በሙሉ አለ፤ ከተበተነ ወዲህ እንዲህ ተሰብስቦ አያውቅም። ውጭ ሁለት ሽማግሌዎች የእድሩን ድንኳን ከአይሱዙ ላይ ያወርዳሉ። ቴዎና ጓደኞቹ ሳያስቡት ከመቀመጫቸው ተነሱ። እትዬ የሺሃረግም ሙሾአቸው አንደበታቸው ላይ ቀረ፤ ሟች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

“ገብሬ፣ አልሞትክም እንዴ?”

“ምን ሆኜ እሞታለሁ? ነይ ተቀመጪ፣ ሩጫው ሊጀመር ነው።”

የተከተለውን ለጠላትም አይስጥ። አንዱ በለጠ ላይ ጮኸ፤ በለጠ አትናገር የተባልኩትን አልተናገርኩም፣ ድምፄ እንደሆነ ከእናቴ ያመጣሁት ነው አለ። አንዱ ከአራብሳ ለዚህ ነው የመጣሁት ብሎ ሊወጣ ተነሳ። የድንኳኑ ሽማግሌዎች እንትከል አንትከል እያሉ በበሩ ይጠይቃሉ። ጋሽ ገብረጻድቃን ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ እሳቸው የሰበሰቧቸው ለደስታ ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። ሱሌማን የሚያደርገው ቢጠፋው ወደ ሕጉ ሸሸ። ኳስ የሚል እጁን ያውጣ አለ። ማሊያ የለበሰው ሁሉ አወጣ። ሩጫ የሚል ሲል የጋሽ ገብረጻድቃን እጅ ብቻዋን ወጣች። እድርተኛው እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። በለጠ እንኳን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የእሳቸው እጅ ግን አልወረደችም። ሱሌማን ሪሞቱን ይዞ መሬት መሬት አየ፤ ወላሂ፣ ያን ሰዓት መሬት ብትውጠው ይወድ ነበር።

“ክፈትለት” አሉ እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ። “ሁለት ታክሲ ይዤ የመጣሁት ልቀብረው ነው። በሕይወት ካገኘሁትማ ግማሽ ሰዓት አልነፍገውም።”

እጃቸውን አወጡ። ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ተከተሏቸው፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻም በለጠ። ቴዎ ዞር ዞር ብሎ ቆጠረና፣ በቃ ጋሼ አሸነፉ፣ እኔ ግን ኳሴን በስልኬ አያለሁ አለ።

ሱሌማን ቀየረው። ጋሽ ገብረጻድቃን ለልቅሶኛው ሁሉ ማን የየት አገር ልጅ እንደሆነች፣ ማን መጨረሻ ላይ እንደምትፈተለክ ያስረዳሉ። ቁጣው ቀስ በቀስ በረደ። እትዬ የሺሃረግ ያቺ ቀጭኗ የእኛ ልጅ በልታ ነው የወጣችው ወይ ብለው ጠየቁ። ከሩጫው አጋማሽ በኋላ የቴዎ ስልክ ኪሱ ገባ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አርሴናል ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀጭኗ ልጅ ከፊት ናት። ቤቱ በሙሉ ቆሟል። ቴዎ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ በርቺ፣ በርቺ እህቴ ይላል። መስመሩ ጫፍ ላይ አንዷ አለፈቻት። ሌላዋም አለፈቻት። ሦስተኛዋ ከየት እንደመጣች አልታየችም፤ እሷም አለፈቻት። አራተኛ ወጣች። ለአራተኛ ደግሞ ምንም አይሰጥም።

 ልጅቷ ሜዳው ላይ ተደፍታ ስትቀር እትዬ የሺሃረግ ከገላን ይዘውት የመጡት እንባ መጣ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ተሸፈኑ፤ ቴዎ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

ሱሌማን የጋሽ ገብረጻድቃን ደም ብዛት እንዳይነሳ ፈርቶ ወደ ፊት ወንበር ሮጠ። እሳቸውም ያለቅሳሉ። ግን ስክሪኑን አይደለም የሚያዩት፤ ወንበራቸውን አዙረው ቤቱን ነው። አይዞዎት ጋሼ፣ በሚቀጥለው እናገኛለን አላቸው።

“ተወኝ እስቲ” አሉት፤ ፊታቸው እንባ በእንባ ሆኖ ያበራል። “ይልቅ ዞር ብለህ እየው። ለኳስ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቀሰ ሰው በሕይወትህ አይተህ ታውቃለህ?”

ነጠላውን ያዘቀዘቁት ለእርስዎ ነው ሊላቸው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና ለልቅሶኛው ሻይ ሊቀዳ ሄደ።