እትዬ ሚዛን በሙዝ ላይ የሰጡት ፍርድ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይማር የተመረቀ፣ ሳይሾም የተሾመ አንድ ሐኪም አለ። ነጭ ጋውን አይለብስም፣ ማዳመጫም አንገቱ ላይ አያንጠለጥልም። ግን የምሳ ዕቃችሁን ክዳን ስታነሱ ከየት መጣ ሳይባል ትከሻችሁ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። "ይኼን ልትበላው ነው?" ይላል። ዘይቱ ልብ ይደፍናል፣ ዳቦው ሆድ ይነፋል፣ ውሃ እንኳ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የራሱ ጣጣ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ብቻውን የሚሠራ ነው፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ነው።

በሙዝ መጋዘኑ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ሚዛን ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ከሚዛኑ ኋላ ከተቀመጡ ወዲህ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሙዝ አረንጓዴውን በሳጥን ይገባል፣ በሞቀ ክፍል ተዘግቶበት ይበስላል፣ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሲገባም ሲወጣም እትዬ ሚዛን ይመዝኑታል። ሰውንም እንዲሁ ነው፤ በበሩ ሲገባ ዓይናቸው ከራሱ እስከ እግሩ ይወርድበትና "ጨምረሃል" ይሉታል። ሰላምታቸው ይህ ነው።

እሳቸው ራሳቸው ወንበራቸው ላይ የተቀመጡ ሳይሆን ወንበሩን የወረሱት ይመስላሉ። ጫኞቹ በሌሉበት "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" እያሉ ያሟቸዋል። እትዬ ሚዛን ሐሜቱን አያጡትም፤ ግን የእሳቸው አመጋገብ የሚጀመረው ሰኞ ነው፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ተጠይቀው አያውቁም። እስከዚያው ቆሞ የተበላ አይቆጠርም። ስለዚህ ሙዝ ሲቀምሱ ከወንበሩ ይነሳሉ፣ ቀምሰው ይቀመጣሉ። ይህን የሚያደርጉት የዕቃውን ጥራት ለመከታተል ነው።

"እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሳይንስ ነው" ይላሉ ሁልጊዜ። ሳይንስ በየማለዳው በስልካቸው ይደርሳቸዋል። ላኪዋ አብዛኛውን ጊዜ እህታቸው ናት።

ሾፌሩ ከዚህ ሁሉ ተርፎ ኖሯል፤ ምክንያቱም ቀኑን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። ጋቢናው የግል ግዛቱ ነው። በቀኙ የብስኩት ካርቶን፣ በግራው የተጠበሰ ድንች፣ በመካከሉ መሪው። እንዲህ ሲኖር፣ ሲኖር፣ ሆዱ መሪውን ደረሰበት። ከዚያ የመንጃ ፈቃዱ እድሳት መጣና ለጤና ምርመራ ሄደ። ሐኪሟ የደም ግፊቱን ለካች፣ ክብደቱን አየች፣ እስክሪብቶዋንም መልሳ አስቀመጠች።

"ይህ ካልወረደ ለረጅም መንገድ አልፈርምልህም" አለችው። "እስከ ቀጠሮህ ድረስ ቀንስ። አለዚያ ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ ፈልግ።"

በመጋዘኑ ያለው ሌላ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የበሩን ብረት ማንሳትና ማውረድ። ሾፌሩ ሌሎች መኪና ይዘው ሲወጡ ብረቱን የሚያነሳላቸው እሱ ሆኖ ታየው። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ቤቱ ካደረበት ሌሊት ጋቢናው ውስጥ ያደረበት ይበዛል።

በማግሥቱ ሳጥኖቹ ላይ ተቀምጦ አንድ ሙዝ መላጥ ጀመረ።

"አስቀምጠው!" አሉ እትዬ ሚዛን ከወዲያ ጥግ።

"ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች፣ እትዬ። ሲርብህ ብስኩቱንና ድንቹን ተውና አንድ ሙዝ ብላ ነው ያለችኝ።"

እትዬ ሚዛን ሳቁ። ሲያዝኑለት የሚስቁት ሳቅ ነበር። "ስንት ዓመቷ ነው?"

"ልጅ ናት።"

"ታዲያስ! ሙዝ እኮ ስኳር ነው ወንድሜ። ልጣጭ የለበሰ ስኳር!"

"ዝንጀሮስ፣ እትዬ?" አለ ከጫኞቹ አንዱ። "ሲበላ ውሎ ቀጭን አይደል?"

"ዝንጀሮ ዛፍ ይወጣል። ይኼ መኪናው ላይ ለመውጣት ራሱ ከኋላ የሚገፋው ይፈልጋል። እኔ አይደለሁም ያልኩት..."

"ሳይንስ ነው!" አሉ ጫኞቹ በአንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ሙዙን አስቀመጠ። የተማረችውን ትቶ ያልተማሩትን ሰማ። ሐኪሟ በዝግታ ተናግራለች፣ "አንድ ሙዝ ጥሩ ነው" ብላ አቁማለች። እትዬ ሚዛን ግን ጮኸው ነው የተናገሩት፤ የሰው ልጅ ደግሞ የሚፈራውን ያምናል።

ሙዝ ተከለከለ። ብስኩት ግን በስሙ ተጠርቶ አልተከለከለም። ሾፌሩ ሕግ አክባሪ ነውና በየጉዞው ሙዝ አልነካም፤ በምትኩ ካርቶኑን አጋመሰ። ቅዳሜ ሲመጣ እትዬ ሚዛን እንደ ልማዳቸው የሙዙ ሚዛን ላይ አቁመው መዘኑት። ጨምሯል።

"ውሃ ነው የያዘህ" አሉት ሳያቅማሙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳይንስ ሐሳቡን ቀየረ። እህታቸው የላከችው መልእክት እንደሚለው፣ የሚያወፍረው የበሰለው ሙዝ ነው፤ ጥሬው አረንጓዴው ግን ስብ ያቃጥላል። እትዬ ሚዛን የትናንቱን ፍርዳቸውን እንደሌላ ሰው ቃል ረሱትና አዲሱን አወጁ። አረንጓዴ ሙዝ በመጋዘኑ ሞልቶ ተርፏል። ሾፌሩ እንደ ካሮት ያኝከው ጀመር። ጥርሱ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ምላሱን ያኮማትረዋል፣ ሆዱ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ጠብ ያነሳል። መስኮት ዘግቶ መንዳት የማይቻል ሆነ። ሚስቱ ሦስተኛው ቀን ላይ ትራሷን ይዛ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደች።

"ለሴትዮዋ ንገራቸው" አለችው ከበሩ ላይ ሆና፣ "ወይ ባሌን ይመልሱልኝ፣ ወይ ጨርሰው ይውሰዱት።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሾፌሩ ሚዛኑ ላይ ወጣ። እትዬ ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"አራት ኪሎ!" ብለው ጮኹ። "አራት ኪሎ ወርዷል!"

መጋዘኑ ተናወጠ። ጫኞቹ ሾፌሩን ሊሸከሙት ሞክረው በወገባቸው ምክንያት ተዉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረንጓዴ ሙዝ የማይበላ አልነበረም። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ በላች፣ ደመወዝ ከፋዩ በላ፣ ጫኞቹ ክብደታቸው ቢቀንስ ሥራ የሚያጡ ሰዎች ሆነው ሳለ እነሱም በሉ። ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የሚሰማው የሆድ ጩኸት፣ ዝናብ የያዘ ደመና ሲያጓራ ነው የሚመስለው። እትዬ ሚዛን በመካከሉ ተቀምጠው እንደ አባወራ ያዳምጣሉ። በወንበራቸው ጀርባ ላይ መደገፍ የጀመሩት ያኔ ነው፤ በፊት ወደፊት ዘንበል ብለው ነበር የሚቀመጡት።

ሾፌሩ በቀጠሮው ቀን ሸሚዙን አስተኩሶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሚዛኑ ላይ የወጣው እንደ ሙሽራ ነበር። ሐኪሟ ቁጥሩን አየች፣ ያለፈውን አየች፣ እሱን አየችው።

"ጨምረሃል" አለች።

"ሚዛናችሁ ተበላሽቷል።"

"አልተበላሸም። አዝናለሁ፤ አልፈርምም።"

መጋዘኑ የደረሰው እንዴት እንደሆነ አያስታውስም። ሰላም አላለም። ቀጥ ብሎ የሙዙ ሚዛን ላይ ወጣ። ቁጥሩ እንደ ቅዳሜው የሚያስደስት ነበር። "ያቺ ልጅ ናት የዋሸችኝ ወይስ እርስዎ?" አለና በንዴት ወረደ።

ያኔ ነው ያየው። ማንም ሰው ባዶ ሚዛን ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚታየው አንድ ነገር ሲቀመጥበት ነው። ባዶው ሚዛን ዜሮ አይልም ነበር። ከዜሮ በታች ስድስት ይላል።

ለሙዝ ነጋዴ ይህ ትክክል ነው። ሳጥኑ ስድስት ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሸጠው ሙዙ እንጂ ሳጥኑ አይደለምና ሚዛኑ የሳጥኑን ልክ እየቀነሰ እንዲያነብ ተደርጎ ይስተካከላል። ድሮ ሳጥኑ ፕላስቲክ ነበር፣ ሁለት ኪሎ። ልክ አረንጓዴው ሙዝ በታወጀበት ሳምንት ከባዱ የእንጨት ሳጥን መጣ፤ እትዬ ሚዛንም እንደ ደንቡ ሚዛኑን ለአዲሱ ሳጥን አስተካከሉት። ሾፌሩ አራት ኪሎ የቀነሰው በዚያች ደቂቃ ነው። ሳጥን ሳይሸከም ሳጥን ተቀነሰለት።

መጀመሪያ የሳቀው ከጫኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አንዳንዱም ሆዱን ይዞ፣ አረንጓዴው ሙዝ ገና አልለቀቀውምና። ሾፌሩ ግን አልሳቀም።

"ከመንገድ አወጡኝ፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ሃያ ዓመት ከነዳሁበት መንገድ።"

እትዬ ሚዛን አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም ሳይንስን ጠበቀ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

ሾፌሩ ሁለት ቀን የበሩን ብረት ሲያነሳና ሲያወርድ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከክሊኒኩ ተደወለለት፤ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሲሳይ በር ሲያንኳኳ ማነህ አይባልም። በዚህ ጊዜ ያደረገው ሐኪሟ ያለችውን ብቻ ነው፦ ሲርበው አንድ ሙዝ፣ የበሰለ፣ ልጣጩ ቢጫ የሆነ፤ ብስኩቱን ለሌሊቱ ጥበቃ ሰጠ፤ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ እስከ መጋዘኑ በእግሩ መጣ። ተአምር የለውም። ሰው ሲሠራው አሰልቺ ነው፣ ሲያወሩት ደግሞ የባሰ ያሰለቻል።

በመጋዘኑ ግን አንድ ነገር ጎደለ። እትዬ ሚዛን ዝም አሉ። ይመዝናሉ፣ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ በቃ። ሾፌሩ አፍንጫቸው ሥር ሙዝ ሲልጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን አንዱ ጫኝ ሆን ብሎ በሦስት ኬክ ምሳውን በላ፣ ፊት ለፊታቸው፣ ክሬሙን እየላሰ። ቀና ብለው አላዩትም። ሰውየው ሦስተኛውን ሳይጨርስ ተወው። "አይጣፍጥም" አለ።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ለካች፣ መዘነች፣ ፈረመች። ወረቀቱን ስትሰጠው ግን ያዝ አድርጋ "እኚያ ሴትዮ እናትህ ናቸው?" አለችው።

"የትኛዋ?"

"ሽርጥ ያደረጉት። የሙዝ ተለጣፊ ምልክት እጅጌያቸው ላይ ነበር። ከበሽተኛ ጋር ተሰልፈው ገቡ፤ 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሚዛኔ ነው ያሳሳተው፣ እሱን አትቅጪብኝ' ብለው አልነሳም አሉ። ሌላ ቀጠሮ የሰጠሁህ ስላስቸገሩኝ ነው።" ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። "ሲወጡ ደግሞ ሻይ ላይ ስኳር ታበዣለሽ፣ ፊትሽ ያስታውቃል አሉኝ።"

ሾፌሩ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። መጋዘን ሲደርስ እትዬ ሚዛን "እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ወደ ሳጥናቸው ዞሩ። ክሊኒኩን አላነሱም፤ እሱም አላነሳባቸውም። አፉ ላይ የመጣው ሁሉ ሳይበስል ቀረ።

በሳምንቱ ረጅሙን መንገድ ወጣ። ቀትር ላይ ሾፌሮች የሚያርፉበት ቤት ደርሶ ቁጭ ከማለቱ አስተናጋጁ እንደ ድሮው ሳይጠይቀው የተጠበሰ ድንች ሳህን ሙሉ አመጣለት። ዘይቱ ገና ይንጫጫል። ሾፌሩ ዙሪያውን አየ። የሚከለክለው ሰው የለም። ሚስቱ ሩቅ ናት፣ ሐኪሟም ፈርማለች፤ ሳህኑና እሱ ብቻ ቀርተዋል። አንዱን አነሳ። እንደዚያን ዕለቱ የጫኙ ኬክ፣ ድንቹም ድንች ድንች አልል አለው።

ስልኩን አወጣና ደወለ።

"ምን ሆነሃል?" አሉ እትዬ ሚዛን። ድምፃቸው ፈራ ብሏል። "ተገለበጥክ?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ። ምን ልብላ ብዬ ነው።"

ከወዲያ የሳጥን መጎተት፣ የጫኞች ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"ሐኪምህን አትጠይቅም?" አሉ በመጨረሻ።

"እሷ ልጅ ናት።"

የረጅም ትንፋሽ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የወንበር ሲጢጥታ፤ ወደፊት ዘንበል ሲሉ የሚያሰማው ነው። "ፊትህ ምን አለ? ድንች? አንሱልኝ በላቸው! አሁኑኑ! ሙዝም እንዳታስብ፤ በቀትር፣ ከመኪና እንደወረዱ፣ ሰውነት በሞቀበት ሰዓት የተበላ ሙዝ እኮ ቀጥታ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። እህቴ ዛሬ ጠዋት የላከችልኝን ላንብብልህ፣ ጠብቅ፣ መነጽሬን..."

"እሺ፣ እትዬ" አለ ሾፌሩ። ሳህኑን በክንዱ ገፋ አደረገ፣ ስልኩን ከጨው ብልቃጡ ጋር አስደግፎ ድምፁን ከፍ አደረገው፣ ከኪሱ ያወጣውንም ሙዝ እያዳመጠ፣ ሳይቸኩል መላጥ ጀመረ።