የአምቡላንሱ እለቃለሁ ባይ

እለቃለሁ ባይ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ባንክም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ገብቶ ኮቱን ሳይሰቅል «ከዚህ ቤትስ ልገላገል ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የሚገርመው መልቀቁ አይደለም፤ አለመልቀቁ ነው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ያልቃሉ፤ እሱ ጡረታው ደርሶ በግድ ይሸኛል።

የላስታው አምቡላንስም የራሱ ነበረው፤ ክቡረ ክቡራን ሰውአገኝ። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነውና ከኋላ ከበሽተኛው ጋር የሚቀመጠው እሱ ነው። ሾፌሩ አብዱልጀባር፣ የመርሳው ሰው፣ በመሃላቸው ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል የክቡርነታቸውን ንግግር ዓመታት ሙሉ ሰምቷል።

«አብዱ፣ ይሄ ወንበር እኮ ቀበቶ የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«በሽተኛው ታስሮ ይሄዳል፣ እኔ እንደ ጆንያ እንከባለላለሁ። ጓንት ሲያልቅ ዝም፣ የትርፍ ሰዓት የዱቲ ክፍያ ሲቀር ዝም። እኔ እለቃለሁ!»

«አብሽር፣ አይዞህ» ይላል አብዱልጀባር፣ ማርሽ እየቀየረ።

የኩልመስክን ጠመዝማዛ ሲወጡ ይለቅ ነበር። የኮን ደጋ ብርድ ሲገርፋቸው ይለቅ ነበር። ምጥ የጠናባትን ሴት በሰላም አድርሰው ቤተሰቧ ሊያመሰግነው ሲመጣ እንኳ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት፤ እኔ ግን እለቃለሁ» ብሎ ነው የተሰናበታቸው። አንድ ጊዜማ ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁለቱን ለወረዱ ገበሬዎች ስለ ዱቲ ክፍያ እዚያው መንገድ ዳር አብራራላቸው። አንድ ሽማግሌ አዝነውለት የቆሎ ቋጠሯቸውን ሰጡት።

አንድ ቀን ከበላይ የመጡ ሰዎች «ችግራችሁን ንገሩን» ብለው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ከስብሰባው በፊት ሁሉም «ሰውአገኝ ይጀምር፣ እኛ እንከተላለን» ብሎ ነበር። ሰውአገኝ ጀመረ። ስለ ቀበቶው ተናገረ፤ ስለ ጓንቱ፣ እሁድና በዓል ሳይባል ስለሚሠራው ሥራ፣ ተሠርቶ ስለማይከፈለው ሰዓት። ሲጨርስ የተከተለው ሰው አልነበረም። አብዱልጀባርም እንደ ሌሎቹ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይመረምር ነበር። ሰውአገኝ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው አቶ በእውቀቱ «ቅሬታ አቅራቢው» ይሉት ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይም አጠገቡ ያሉት ወንበሮች ባዶ ሆኑ።

ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። «እለቃለሁ» ሳይል። ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ አግኝቶ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ወረደ። ሊሸኘው የሄደው አብዱልጀባር ብቻ ነው።

«መንገዱ ቀና ይሁንልህ» አለው።

«አሜን» አለ ሰውአገኝ። አውቶቡሱም ሄደ።

አብዱልጀባር ዝምታ የሚወድ ይመስለው ነበር። በሰውአገኝ ቦታ የተመደበችው ወጣት ትሕትና ትባላለች፤ ስሟን የምታከብር ልጅ ናት። «ጓንት የለም» ሲሏት «እሺ»፣ «ክፍያው አልተፈቀደም» ሲሏት «ችግር የለውም»። በሽተኛ አድርሰው ሲመለሱ በመስኮቷ በኩል ምንም አይሰማም። ሬዲዮውም ተራራ ለተራራ አይስብም። ሚስቱና ልጆቹ መርሳ ናቸው፤ ተረኛ እየሆነ ስንት በዓል አምልጦታል። ድሮ ይህን ልብ አላለውም ነበር፤ ለካ ስለ እሱም የሚያጉረመርምለት ሰው ነበረው። አሁን በቀኝ ገደሉ፣ በግራ ጉሙ፣ መሃል ላይ እሱና መሪው። አንዳንዴ ማንም ምንም ሳይለው «አብሽር» ይላል።

አንድ ረፋድ ላይ በሽተኛ ይዘው ሲመለሱ በሬ ዘሎ መንገድ ገባ። አብዱልጀባር ፍሬን ያዘ። በሽተኛው ታስሮ ስለነበር ምንም አልሆነም። ትሕትና ግን ከወንበሩ ተስፈንጥራ ከበሩ ጋር ተላተመችና ክንዷ ተሰበረ። የጮኸችው እንኳ ቀስ ብላ ነው።

በማግስቱ አቶ በእውቀቱ ግቢው መሃል ቆመው ፈረዱ። «ስላልያዘች ነው። ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው አይወድቅም። ይሄ የሥራ ላይ ጉዳት አይባልም፤ እስክትድን ያለ ክፍያ ትረፍ።»

አብዱልጀባር ወደ ፊት ወጣ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አቶ በእውቀቱ፣ ሁለቱም እጆቿ በሽተኛው ላይ ነበሩ። በየትኛው እጇ ትያዝ?»

«አንተ ሾፌር ነህ፤ መሪህን ያዝ።»

«እሱንማ እይዛለሁ። እርስዎ ግን ዛሬ ከኋላ ይቀመጡና አያያዙን ያሳዩን።»

ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ስልክ የተደወለውም ያኔ ነው፤ አንድ ቄስ ከእርከን ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፣ ሰዎች በቃሬዛ ወደ መንገድ እያወረዷቸው ነው። አቶ በእውቀቱ ሰው ሁሉ እያያቸው ነበርና ከረባታቸውን አስተካክለው ከተረኛዋ ነርስ ጋር ከኋላ ገቡ።

አብዱልጀባር ወላሂ እንደ ወትሮው ነው የነዳው። የቀረውን መንገዱ ራሱ ሠራው። ቄሱን ጭነው ሲመለሱ በመስኮቷ በኩል መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ «ያዙኝ!»፣ ከዚያ ጸሎት ተሰማ። ጸሎቱ የቄሱ መስሎት ዞር ሲል፣ ቄስ ጽጌማርያም አልጋው ላይ እንደታሰሩ እጃቸውን ዘርግተው የኃላፊውን እጅጌ ይዘዋል።

«አይዞህ ልጄ» ይላሉ። «የት ላይ ነው ያመመህ?»

ሆስፒታሉ በር ላይ አቶ በእውቀቱ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ ስለነበር፣ በሽተኛ ሊቀበል የወጣው ሠራተኛ ተሽከርካሪ አልጋውን ወደ እሳቸው ገፋው።

በዚያው ሰሞን ብየዳ ቤት ተሄደና ወንበሩ ቀበቶ ተገጠመለት። የትሕትናም ስብራት የሥራ ላይ ጉዳት ተባለ፤ ደመወዟም አልተቋረጠም። የዱቲ ክፍያው «እየተጠና ነው» ተብሏል፤ እስካሁን እየተጠና ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግን አብዱልጀባር ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ትሕትና በጀሶ የታሸገ እጇን አወጣች። ቀጥላ ነርሷ፣ ቀጥሎ ዘበኛው።

አርብ ከጁምዓ መልስ አብዱልጀባር ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ መኪናውን አቁሞ ደወለ። ሰውአገኝ ስልኩ በቅጡ ሳይጠራ አነሳው።

«አብዱ! ደህና ነህ? መኪናዋስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ክሊኒኩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ክፍያው በጊዜው ነው። ጓንቱ በካርቶን ነው። ወንበሬ ጎማ አለው» አለ። «ምንም የሚባል ነገር የለም፣ አብዱ። አፌን ሳልከፍት ውዬ የምገባበት ቀን አለ።»

አብዱልጀባር ስለ ትሕትና፣ ስለ ቄሱ፣ ስለ አቶ በእውቀቱ፣ ስለ ቀበቶው ሁሉንም አወራለት።

«በየት በኩል ነው የገጠሙት?»

«በግራ።»

«በግራ?! በግራ ከሆነማ ኦክስጅኑ ጋ እንዴት ይደረሳል? እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር እንኳ...» የሰውአገኝ የድሮ አመል ተነሳ፤ ብየዳውን አማ፣ ብሎኑን አማ፣ ቀበቶውን የገዛውን ሰው አማ። አብዱልጀባር መሪው ላይ ተደግፎ እየሰማ ፈገግ አለ፤ የመጀመሪያውን ማርሽ ለማስገባት አልቸኮለም።

በመጨረሻ ሰውአገኝ ደከመውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እና ቄሱ ምን አሉት አልከኝ? በል እንደገና ንገረኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ቀስ ብለህ።»