አልዞር ያለው መሪና ሊቀ መካኒካን ጋሽ ሽፈራው

ቶሮንቶ ውስጥ ሊፍቱ የማይበላሽ ፎቅ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል። ጋሽ ሽፈራው የሌሉበት ፎቅ ግን እስካሁን አልተሠራም። ስማቸው እንደየሰፈሩ ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ናቸው። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ፓርኪንግ ውስጥ ይንጎራደዳሉ። ኮፈን ከፍቶ ያጎነበሰ ሰው ካዩ ሳይጠሩ ከተፍ ይላሉ፤ ጉዳዩን ገና ሳይሰሙም «ይሄ የታወቀ ነው!» ይላሉ። ቀጥሎ «እጅ እንዳታስነኩት!» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። እጅ የሚሉት እንግዲህ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ ፋናዬ የምትባል ሴት ለምትኖርበት ሕንፃ የደረሱት ጋሽ ሽፈራው ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳቸው ቁልቁል ፓርኪንጉን ስለሚያይ ከርሳቸው ዕውቅና ውጪ አንድ መኪና ንቅንቅ አይልም። አዲስ አበባ ሳሉ ጋራዥ ሠርቻለሁ ይላሉ፤ እዚህ አሥራ ስምንት ዓመት የዳቦ መኪና ነድተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት «በቃኝ» ብለው ሥራውን ተዉ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠው ያያቸው የለም፤ ስለ መሪ ሲያስተምሩ ያልሰማቸውም የለም።

ፋናዬ እጃቸው ላይ የወደቀችው በፈረንጆቹ 2013 በረዶው እንደቀለጠ ነው። ባሏ ረጅም መንገድ የሚሠራ የትራክ ሾፌር በመሆኑ ወር ሙሉ ብቅ አይልም። ያሮጌውን ሚኒቫን ቁልፍ ለሷ ትቶላት ሄዷል። እሷ ያላት ፈቃድ ጂ ዋን የሚሉት የልምምድ ወረቀት ነው፤ አጠገብ ሙሉ ላይሰንስ ያለው ሰው ካልተቀመጠ አያስነዳም። አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ አግኝታለች። ቀጣሪዋ ግን «በወሩ መጨረሻ ላይሰንስሽን ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» ብላታለች። ስለዚህ ቴስቱን ለወሩ የመጨረሻ ማክሰኞ ቡክ አደረገች።

ችግሩ መሪው ነው። ቀኝ ለመታጠፍ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ አንዳንዴም ጥርሷን መጠቀም አለባት። ከታጠፈ በኋላ ደግሞ በራሱ አይመለስም፤ ታግላ ትመልሰዋለች። እንዲህ ባለ መሪ ፈታኝ አስቀምጦ ፓርክ ማድረግ የማይታሰብ ነው። አጠገቧ ለመቀመጥ በፈቃዳቸው የቀረቡት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

«ይሄ የታወቀ ነው» አሉ ጋሽ ሽፈራው በመጀመሪያው ቀን። «ጎማው አየር የለውም።»

ጎማው ተነፋ፤ መሪው ያው ነው። በሳምንቱ «ዘይቱ ነው» አሉና የመሪውን ዘይት ቀየሩ። ግማሹ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ መሪው ያው ነው። በሦስተኛው ሳምንት «ችንጋው ነው» አሉ፤ የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረውን ቀበቶ ማለታቸው ነው። እሱን ለመቀየር አራት ሰዓት ሙሉ አጎንብሰው ዋሉ። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት በቀኝ እጃቸው ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን እጅ የምታውሳቸው ፋናዬ ናት። «ይሄ ሰው ለአንድ መኪና ሁለት እጅ ማባከን የማይወድ ኩሩ ነው» ስትል በሆዷ ታማቸዋለች።

ችንጋው እንደተገጠመ «ቁልፉን ስጪኝና ውጪ፤ ውሃ አምጪልኝ» አሏት። ውሃውን ይዛ ስትመለስ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ልክ አይደለም። ቀስ ብለው ወረዱና በሩን ዘጉ።

«መሪው ጤነኛ ነው» አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው ጋሽ ሽፈራው?»

«ክንድ ነው።»

ፋናዬ ክው አለች። «የኔ ክንድ?»

«ጎማው ተነፍቷል። ዘይቱ አዲስ ነው። ችንጋው አዲስ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ቀረ? ክንድ ነው የቀረው። ገንፎ ብዪ!»

ጉድ እኮ ነው! ሰው መኪናው ታሞበት መድኃኒቱን ራሱ ሲውጥ የት ታይቷል? ያም ሆኖ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ፋናዬ አራት ቀን በተከታታይ ገንፎ በልታለች።

«ታዲያ ለምን ጋራዥ አትወስደውም?» የሚል ሰው ካለ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አያውቅም ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ወር ሙሉ ሲሚንቶ ላይ እየተንበረከኩ በነፃ ሲደክሙልሽ፣ በሽተኛቸውን ነጥቀሽ ለሌላ ሐኪም መስጠት ፊታቸው ላይ ከመትፋት አይተናነስም። ነገር ግን ቴስቱ አራት ቀን ቀረው። ዘጠነኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቷ ጠጂቱ ሙሉ ላይሰንስ ስላላት አጠገቧ ልትቀመጥላት ተስማማች። ኤግሊንተን ዌስት ላይ ሚስተር ዴዝሞንድ የሚባል ጃማይካዊ መካኒክ እንደምታውቅም ነገረቻት። ቅዳሜ ጠዋት ሹልክ ሊሉ ተማከሩ።

ቅዳሜ ጠዋት የእግራቸውን ኮቴ ሳያሰሙ ወረዱ። ፋናዬ ቁልፉን ገና ሳታስገባ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«ወዴት ነው በጠዋት?»

ፋናዬ ደርቃ ቀረች። ጠጂቱ ግን አፏ ፈጣን ነው። «ለቅሶ!» አለች።

በስመ አብ! ከሰው ለመሸሽ ስንት ውሸት ሞልቶ! ጥርስ ሐኪም አለ፣ ገበያ አለ። ሽማግሌ ማምለጥ የፈለገ ሰው እንዴት ለቅሶ ይላል? «ቆዩኝ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ጥቁር ክራባት አስረው ወረዱና የፊተኛው ወንበር ላይ ተሰየሙ። ጠጂቱ ወደ ኋላ ተሰደደች።

«ሟች ማን ናቸው?»

ፋናዬ በሕይወቷ ሰው ገድላ አታውቅም። «አቶ… ዘርይሁን» አለች።

«ዘርይሁን!» ጋሽ ሽፈራው ራሳቸውን ያዙ። «ዘርይሁን ሞተ?»

«ያውቋቸዋል እንዴ?»

«እንዴ! የታወቀ ሰው! እንዴት ያለ ደግ መሰለሽ! ክረምት ላይ እንኳ ባስ ውስጥ ተነሥቶ ወንበር ለቆልኛል።»

ፋናዬ የምትገባበት ጠፋት። ኪል መንገድን ይዘው ሲወርዱ በጋሽ ሽፈራው አፍ አቶ ዘርይሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኑ። ሎውረንስ ጎዳና ሲደርሱ ስኳር በሽታ ያዛቸው። ጠጂቱ ከኋላ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። «አይዞሽ ልጄ» አሏት ጋሽ ሽፈራው ሳይዞሩ፣ «ሁላችንም ሟች ነን።»

ኤግሊንተን መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ ብርቱካናማ በርሜል መሐል ለመሐል ተደርድሯል። ፋናዬ ወደ ግራ ታጠፈች። መሪው ታጥፎ ቀረ። ልትመልሰው ታገለች፤ እምቢ አለ። ሚኒቫኑ ወደ በርሜሎቹ እየሄደ ነው። «ጋሽ ሽፈራው!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው መዝዘው መሪውን ያዙ፤ እጁ ተንሸራቶ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ቀኛቸውን አሻግረው ከርሷ ጋር ጎተቱት። ሚኒቫኑ በርሜሉን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ፋናዬ በርሜሉ ላይ አፍጥጣለች። ጋሽ ሽፈራው በርሜሉን አላዩትም፤ የሚያዩት ግራ እጃቸውን ነው።

እንደምንም ጋራዡ ደረሱ። ሚስተር ዴዝሞንድ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌና ዐይኗ የቀላ ሴት ከሚኒቫን ሲወርዱ አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ፋናዬ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ይቅር ይበሉኝ። ለቅሶ የለም። እርስዎን ላለማስቀየም ብለን ነው። አቶ ዘርይሁንን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሽፈራው ጋራዡን አዩ፤ እሷን አዩ። ቁጣ ይወርድብኛል ብላ ጠበቀች።

«ዘርይሁን አልሞተም?» አሉ በመጨረሻ።

«አልሞቱም።»

«ተመስገን!» አሉ። የምራቸውን ይሁን እያሾፉባት፣ ፋናዬ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሚስተር ዴዝሞንድ ሚኒቫኑን ወደ ላይ አነሣው። ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ መሪውን ቢያዞረው ያው ድርቅ ብሏል። ከመሪው ወደ ታች ወርዶ ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውን አጭር ዘንግ ፈትቶ አወጣ። ከዚያ ጎማዎቹን በእጁ ቢገፋቸው ያለ ምንም ድካም ወዲህና ወዲያ ዞሩ። በሽታው እጁ ላይ የያዘው ዘንግ ነው። እንደ ጉልበት መታጠፍ ያለበት መገጣጠሚያው በበረዶ ጨው ዝጎ ደርቋል።

«ክሮቼራው!» አሉ ጋሽ ሽፈራው መገጣጠሚያውን እያመለከቱ። ወደ መካኒኩ ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት፦ «ጤነኛ ሰውም ቢሆን ይከብደዋል?»

ሚስተር ዴዝሞንድ ክንዱ የበር መቃን የሚያህል ሰው ነው። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ሊያጥፈው ሞከረ። «እኔንም እምቢ አለኝ፣ አለቃ» አለ።

ጋሽ ሽፈራው የጎማ ቁልል ላይ ቁጭ አሉ። አቀርቅረው ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ያሻሹ ጀመር።

«ፋናዬ፣ ሥራ የተውኩት በቅቶኝ አይደለም» አሉ። «ስትሮክ መቶኝ ነው። ቀላል ነው፣ ድነሃል፣ ንዳ ብሎኛል ሐኪሙ። ፈራሁ እንጂ። ያን ቀን ውሃ አምጪ ብዬ የላክሁሽ ልሞክረው ብዬ ነበር። አልዞር አለኝ። ሁሉን ነገር ቀይሬያለሁ፤ እንግዲህ የቀረው ክንዴ ነው፣ ክንዴ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። ዛሬም መንገድ ላይ ያንኑ ነው ያሰብኩት።»

ፋናዬ መቆሚያ አጣች። ወር ሙሉ ኩራት ነው ብላ ስታማው የኖረችው እጅ! እሷ የፈራችው ቴስት መውደቅን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠው በየቀኑ የገዛ ክንዳቸውን ይቀብሩ ነበር። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ አዘነች። አጠገባቸው የጎማው ቁልል ላይ ተቀመጠች።

ሚስተር ዴዝሞንድ ከተፈታ መኪና ያወጣውን ደህና ዘንግ ገጠመ። ፋናዬ ገብታ መሪውን ነካ ብታደርገው ሽው ብሎ ዞረ፤ ደንግጣ ለቀቀችው። ማክሰኞ ዕለት ቴስቱን ያለፈችው በዚሁ መሪ ነው፤ ሥራዋንም በቀጣዩ ወር መባቻ ጀመረች። ያን ቀን ግን ከወንበሩ ወረደችና ቁልፉን ለጋሽ ሽፈራው ዘረጋችላቸው።

«ደክሞኛል፤ እርስዎ ይንዱልን» አለች።

ቁልፉን አዩና ተቀበሏት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለጠጂቱ ሰጡና ገቡ። ግራ እጃቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው ወደ ግራ አዞሩት፤ ዞረ። ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ዞረ። እንባቸው ክራባታቸው ላይ ወረደ፤ ሚስተር ዴዝሞንድም ይሄኔ በርግጥ ሰው ሞቶባቸዋል ብሎ ሳያምን አልቀረም።

ኪልን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ጥሩምባ ይነፉባቸዋል፤ እሳቸው ምን ገዷቸው! ፊንች ላይ ወደ ግራ ታጥፈው ሕንፃቸው ጋ ደረሱ፤ መግቢያውን አልፈውት ሄዱ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው መጡ፤ መግቢያውን እንደገና አለፉት።

«አለፉት እኮ!» ልትል ጠጂቱ አፏን ስትከፍት ፋናዬ ዞራ በዐይኗ ገሠጸቻት። ከዚያ ቀበቶዋን አላላችና ወደ ሽማግሌው ዘንበል አለች።

«ጋሽ ሽፈራው» አለች፣ «አሁን ደግሞ በዚያኛው በኩል ይዙሩ፤ እሱ ይረዝማል።»