ናይሮቢ፣ ከልደታ በእግር

ከመንገድ የተመለሰ ሰው ያስቀኛል። አራት ቀን ውጭ አገር አድሮ ይመጣና ዓመቱን ሙሉ «እዚያ ግን» ሳይል ዳቦ አይቆርስም። በተለይ ያ «ሥራዬ ቶሎ አለቀና ትርፍ ቀን ነበረኝ፤ ከተማውን በእግሬ አዳረስኩት» የሚለው! እስቲ ስለ ራሱ ሰፈር ጠይቁት፤ ከታክሲ መያዣው እስከ በሩ ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የምስቀው በሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ዓመት የደበቅኩትን ልነግራችሁ ነው፤ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል።

መሥሪያ ቤቴ ለአምስት ቀን ሥልጠና ናይሮቢ ሊልከኝ ሆነ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ የልደታ ኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ወጥቶ ጨረሰ። በእኛ ብሎክ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፤ ይመረቃል፣ ይሸኛል፣ አደራ ይሸከማል። ለወራት ሰላምታዬን ያልመለሱ ሳይቀሩ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ሳሙኝ። የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ ብርቄ መርቀው ሲያበቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለእኔ አንዲት ሻርፕ ብቻ። የእዚህን ሳይሆን የእዚያን!» አሉኝ።

ኤርፖርት በር ላይ ስልኬ ጮኸ። ሥልጠናው ተራዝሟል። እስከ መቼ? እናሳውቃለን። እስካሁን አላሳወቁኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን እየጎተተ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን ተመርቄ ወጥቻለሁ! «ከኤርፖርት መለሷት አሉ» ሲባል፣ «ምን ብታደርግ ነው?» ሲጨመርበት ታየኝ። ዓይነ አፋር ሰው ከውሸት ይልቅ ወሬ ይፈራል። ከመሥሪያ ቤቴ የአምስት ቀን ፈቃድ ለመንኩ፤ ስልኬን ዘጋሁና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ያዝኩ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ማለት እኔ ነኝ፤ በመስኮቱ የብሎካችን ጣሪያ ይታየኛል።

አምስት ቀን እንደ እንግዳ ዞርኩ። ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሳፈርኩ፤ ልደታ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር አጎነብሳለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ዕድሜ ልኬን በበሩ ሳልፍ የኖርኩትን ሙዚየም ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ፤ አስጎብኚው «ከውጭ ነው የመጣሽው?» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ሜክሲኮ አንድ ካፌ ተቀምጬ ወደ ሥራ የሚሯሯጠውን ሕዝብ በንቀት አየሁት፤ ባለፈው ሳምንት እዚያው መሀል እሮጥ እንዳልነበር። በመጨረሻው ቀን መርካቶ ገብቼ ሻርፗን ገዛሁና «ከናይሮቢ» ተመለስኩ።

እትዬ ብርቄ በጣታቸው ዳሰሷት። «ዕቃ ማለት ይሄ ነው! የኛዎቹ መቼ እንዲህ ይሠራሉ?» አንዷ ጎረቤትማ አሸተተቻትና «ጠረኑ ራሱ ሌላ ነው» አለች። የሸተታት የመርካቶ የብል መድኃኒት ነበር።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ብርቄ በሬን አንኳኩ። ያቺው ሻርፕ አንገታቸው ላይ ናት። ልጃቸው ናይሮቢ ሥራ ይዛለች፤ ሊጠይቋት ነው።

«ልጄ፣ ይህቺን የገዛሽበትን ሱቅ አድራሻ ጻፊልኝ። ለማኅበሩ ሴቶች ስድስት አመጣለሁ ብያለሁ።»

ስክሪብቶ አነሳሁ። ለመዋሸት አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። ግን እኚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት በሰው አገር የሌለ ሱቅ ሲፈልጉ ታዩኝ። ስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ወለል ወለሉን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

ሻርፗን ገልብጠው አዩዋት። ተነሥተው ገርበብ ያለውን በር ዘጉት። አሁን ጉዴ ፈላ ስል፣ «በይ ነገ መርካቶ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ። «ስድስቱንም እዚሁ እንገዛለን።»

«ታዲያ ከናይሮቢ ነው ሊሏቸው ነው?»

ተቆጡ። «እኔ በስተርጅና ልዋሽ? ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ። ያኔ ከናይሮቢ አልመጣም የሚል ማነው?»

ትናንት ግቢው ውስጥ ተሰልፈን ሸኘናቸው። ሻንጣቸውን ታክሲው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ስድስቱ የመርካቶ ሻርፖች ናይሮቢን ያያሉ።

እኔ እስካሁን አላየኋትም።