በረንዳዬ ፊት የቆመችው ነጭ መኪና

መኪና የሌለው ሰው በመኪና ማቆሚያ ይጣላል ወይ? ይጣላል። እኔ ተጣልቻለሁ። እንኳን መኪና በቅሎም ነድቼ አላውቅም፤ ከሮቢት አጣዬ ስሄድ እንኳ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ እስክንደርስ ዱዓ የማደርግ ሰው ነኝ። ግን ጠብ ንብረት አይጠይቅም። አንዱ የሚቆምበት፣ ሌላው ዓይኑን የሚጥልበት አንድ ክንድ ቦታ ካለ ለጠብ ይበቃል። አባታችን አደም ከአፈር ተፈጠረ፤ ልጆቹ ያንኑ አፈር ይዘን ስንካሰስ እንኖራለን፤ በመጨረሻ አፈሩ ራሱ ለእያንዳንዳችን በቁመታችን ልክ ሰጥቶ ይገላግለናል። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ወዳጄ፣ እንገፋፋለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ናት። የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳት። እዚህ ቆላ አገር ሥራ የሚሠራው ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ እኛን ይሠራናል እንጂ እኛ አንሠራም። የሽርጥ ጠርዝ የምቀመቅመው፣ የተማሪ ዩኒፎርም የማሳጥረው፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማሾልከው በዚያ በጠዋቱ ብርሃን ነው። ዓይኔ የድሮው ዓይን አይደለም። ሱቁ ውስጥ ገብቼ ብሰፋ ለሱሪው እጅጌ እገጥምለታለሁ።

ብርሃኑ ብቻም አይደለም። በረንዳ ላይ የሚውል ሰው ግማሽ ሥራው ሰላምታ ነው። ዛሬ "ሰይድ እንዴት አደርክ" ብሎ ያለፈ ሰው በሦስተኛው ቀን የተቀደደ ኪሱን ይዞ ይመጣል። ይሄ የንግድ ጥበብ በትምህርት ቤት አይገኝም፤ እኔም ብዙ አልቆየሁበትም።

ታዲያ ከሱቄ ጀርባ ያለውን ግቢ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ተከራዩት። ከተማው እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ሳምንት "ቻይናዎቹ" ሲላቸው ሰነበተ፤ በኋላ ቱርኮች መሆናቸው ታወቀ። ለመንገድ ሥራ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። ታላቅየው ኦርሃን ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጺሙ የተከረከመ፣ ፈገግታው ቅርብ። ቤቱን መኝታም ቢሮም አደረጉት። የግቢው በር ግን አህያ ከነጭነቷ እንድታልፍ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የነሱ መኪና ደግሞ የኔን በረንዳ የምታህል ነጭ ፒክአፕ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራቸው ይወጣሉ፤ ሙቀቱ ሲከር፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተመልሰው መኪናዋን በረንዳዬ ፊት ግጥም ያደርጓታል። እስከ አሥር ሰዓት ንቅንቅ የለም።

አንድ ቀን ቻልኩ። ሳምንት ቻልኩ። አንድ የጀውሃ ደንበኛዬ ያሰፋውን ሽርጥ ሊወስድ መጣ፤ መኪናዋ ጋርዳኝ ስላላየኝ ከጎረቤቴ ከጀማል "ሰይድ ታሞ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ጀማልም በጥገና ላይ ካለ ስልክ ቀና ሳይል "አላህ ያውቃል" አለው። ሰውዬው እዚያው ቆሞ ለጤናዬ ዱዓ አደረገልኝ። እኔም ከመኪናዋ ወዲህ ሆኜ ሳላስበው "አሚን" አልኩ። ልጠራው ስነሳ ባጃጅ ወስዶታል።

ይሄም ባልከፋ። የከፋው ሶላቴ ውስጥ መግባቷ ነው። "አላሁ አክበር" ብዬ እጄን ሳስር መኪናዋ ትመጣለች። ለሩኩዕ ሳጎነብስ ጎማዋ፤ ለሱጁድ ግንባሬን መሬት ሳስነካ ጎማዋ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ስሰግድ ሦስት ረከዓ ይሁን አራት ጠፍቶኝ ሁለት ቀን ደግሜያለሁ። ሰው ለሶላት ሲቆም ዱንያን፣ ይህችን ዓለም፣ ከደጅ ያስቀምጣታል ይባላል። የኔዋ ዱንያ አራት ጎማ ነበራትና ደጅ አልቀረችም።

ኦርሃንን አናገርኩት። የዲን ወንድሜ ነው፣ መስጊድም እንተያያለን፤ ለምን እታመማለሁ ብዬ። የኦርሃን አማርኛ ግን ሁለት ቃል ናት።

"ወንድሜ፣ ብርሃን ከለከልከኝ" አልኩት፣ ሰማዩንም ስፌቱንም በእጄ እያሳየሁ።

ሰማዩን አየ። ስፌቱን አየ። "ማሻአላህ" አለኝ።

"መኪናዋን ነው የምልህ! ወደዚያ!"

"ችግር የለም።"

"እኔ አለብኝ እንጂ!"

"ችግር የለም፣ ችግር የለም" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ገባ።

ጀማል ይህን ሁሉ ከሱቁ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ጀማል ምክር አይሰስትም፤ መኪናዋ እሱ ሱቅ ፊት እንዳልቆመች ደግሞ ልብ በሉ። "ጋሼ ሰይድ፣ ምን ምላስዎን ያደክማሉ? ድንጋይ ያስቀምጡ! ድንጋይ አስተርጓሚ አይፈልግም" አለኝ።

እውነቱን ነው። እኛ አገር ሰው ራሱ አይሰለፍም፤ ዕቃው ይሰለፍለታል። ቦኖ ውኃ ሂዱ፤ ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ባለቤቱ ቤቱ ሻይ ይጠጣል። መናኸሪያ ሂዱ፤ ነጠላ በመስኮት ተወርውሮ ወንበር ይይዛል፤ ነጠላዋን አንስቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሴትዮዋን ራሷን እንደገፈተረ ተቆጥሮ ሲሰደብ አጣዬ ይደርሳል። ሱቅ ፊት የተደረደረ ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ ከባጃጅ እስከ ጭነት መኪና አክብሮት ያልፋል። ሕጉ የት እንደተጻፈ አላውቅም። ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ከቱርኩ በቀር።

በማግስቱ እነሱ ከወጡ በኋላ፣ ከወንዙ ዳር በጋሪ ያስመጣኋቸውን ሦስት ድብልብል ድንጋዮች በረንዳዬ ፊት ደረደርኩ። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ መንገዱ ሁሉ ሥራ ፈታ። ጀማል በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠ። መኪናዋ መጣች፣ ቆመች፣ ኦርሃን ወረደ። ድንጋዮቹን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ፊቱ በራ።

መንገዳችን ወደ ቦዩ ያዘነበለ ነው። ኦርሃን ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ መኪናዋን እንደ ሁልጊዜው አቆመና፣ ሁለቱን ከኋላ ጎማዎቿ ሥር፣ አንዱን ከፊት ጎማዋ ሥር ወተፋቸው። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርዱ ሾፌሮች ሲቆሙ በድንጋይ ታኮ ሲያደርጉ አይቶ ኖሯል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና "ጀዛከላህ ኸይር!" አለኝ። መኪናዋ እንዳትንሸራተትበት ያሰብኩለት መስሎታል።

ጀማል ከበርጩማው ወደቀ አልላችሁም፤ ግን ተነስቶ ግድግዳ ያዘ። ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤት ያላት እትዬ ብርቄም ማንጎ እየላጠች "ሰይድ! ታኮ አቅራቢ ሆንክ አሉ! እንኳን ደስ ያለህ!" ብላ ጮኸች።

በማግስቱ ኦርሃን ከአገሩ የመጣ ጣፋጭ በካርቶን ይዞልኝ መጣ። በላሁት። መብላቴ ስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ ብናገር የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መባል ነው። ዝም አልኩ፤ ዝም ያለው ግን አፌ ብቻ ነበር። ሌሊት እገላበጣለሁ፤ ቀን መርፌ እሰብራለሁ፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ግራውን በቀኝ ገጥሜ እንደገና ተርትሬዋለሁ። ልጅቷ "ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ደህና አልነበርኩም።

አንድ ረፋድ ላይ ሸይጧን መጣ። አመጣጡ ለስለስ ያለ ነበር። "ድንጋዮቹ ያንተ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። የኔ ናቸው። "ሰው ንብረቱን ቢያነሳ ምን ኃጢአት አለው?" ፍሬኑ የላላ ቢሆን፣ መንገዱም ቁልቁል፣ ቦዩም ቅርብ… ሳላውቀው ከኋላ ጎማዋ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ እጄ አንዱ ድንጋይ ላይ ነው።

"ሰይድ!" አለች እትዬ ብርቄ ከማዶ። "የጫማህ ክር ተፈታ እንዴ?"

የለበስኩት ነጠላ ጫማ ነው። ክር የለውም። እሷም አሳምራ አይታዋለች።

"አዎ እትዬ" አልኩ።

"እንግዲያው አስረህ ተነሳ። ነገ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ። የሰው መኪና ቦይ ከትተህ ደግሞ ደንግጬ ማንጎዬን አልጣልም።"

በማግስቱ ጁስ ቤቷ ውስጥ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ጀማል፣ ኦርሃን፣ እንዲሁም ከነሱ ቢሮ የምትሠራ ሙና የምትባል የከሚሴ ልጅ። ለኛ በአማርኛ፣ ለሱ በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። እኔ ሆዴን ገልብጬ ተናገርኩ። ብርሃኑን፣ ደንበኛዬን፣ ሶላቴን፣ የድንጋዩንም ነገር። ሙና ስትነግረው ኦርሃን ፊቱ እንደ በሰለ ማንጎ ቀላ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ሙና አንገቷን ደፋች።

"ጋሼ… የሚለውን ልንገርዎት ወይስ ይቅር?"

"ንገሪኝ እንጂ።"

"'ጁምዓ ጁምዓ ሥራ ስለሌለኝ በጊዜ መስጊድ እሄዳለሁ' ነው የሚለው። 'መጀመሪያው ሰፍ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ ከኢማሙ ኋላ፣ የእሳቸው መስገጃ ተነጥፎ አገኛለሁ። እሳቸው ግን ሱቃቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ልቆምበት ስል ሰዎች እጄን ይዘው መለሱኝ። እዚህ አገር ሰው ዕቃውን ያኖረበት ቦታ የሱ ነው ማለት ነው ብዬ ተማርኩ። መኪናዬንም እንደዚያው አኖርኩ። ተሳስቼ ከሆነ አውፍ ይበሉኝ።'"

የጁሱ መፍጫ ቆመ። ጀማልን ሳል ያዘው።

አዎ፣ ይሄን እስካሁን ያልነገርኳችሁ አውቄ ነው። ጁምዓ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ መልስ መስገጃዬን አንጥፌ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ ሲቃረብ ገብቼ እቆምበታለሁ። ለስንት ዓመት እንዳደረግሁት አላስታውሰውም። ሰዉም አክብሮ ይተውልኛል። እኔም ይሄ የዒባዳ፣ የአምልኮ፣ ጥንካሬ ይመስለኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እትዬ ብርቄ ክርስቲያን ናት፤ ነገሩ በደንብ እንዲገባት ፈለገች። "ሰይድ፣ እናንተ ዘንድ መስገጃው ብቻውን ይሰግዳል እንዴ?" አለችኝ።

መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። "ሙና፣ እንዲህ በይው" አልኩ በመጨረሻ። "ቦታው የኔ አልነበረም። መስገጃዬን አነሳለሁ። ያንን የማነሳው ግን መኪናዋን አንሳልኝ ብዬ አይደለም። ለብርሃኑ እለምነዋለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል።"

ነገረችው። ኦርሃን ተነስቶ አቀፈኝ። እሺ፣ ታዲያ መኪናዋ የት ትቁም? ጀማል ሳሉ ድንገት ለቀቀው፤ "እኔ ጋ እንዳይሆን! ደንበኛ በምን ይገባልኛል?" አለ።

"እኔ ጋ ያቁማት" አለች እትዬ ብርቄ። "ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በደጄ ገብቶ ደንበኞቼን ሲጠብስ ነው የሚውለው። ጥላ ትሆነኛለች።"

ከመንገዱ ማዶ! አሥር እርምጃ! "ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም እትዬ?"

"ማን ጠየቀኝ? እናንተ ድንጋይ ስታናግሩ ነው የከረማችሁ።"

ብርሃኔ ተመለሰልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ክሩ አንዴ ስሞክር ይገባል፤ የጀውሃው ደንበኛዬም መጥቶ "ዱዓዬ ደረሰ" እያለ ለሰው ያወራል። እትዬ ብርቄ በመኪናዋ ጥላ ሦስት ወንበር ጨምራለች። ዕረፍት አገኘህ ወይ ካላችሁኝ ግን ሙሉ በሙሉ አላገኘሁም። ሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ባዶ ቦታን መጠበቅ በተያዘ ቦታ ከመጣላት እንደማያንስ አሁን ነው የገባኝ።

ጁምዓ ላይ የደረስኩበት እቆማለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛ በዝቶብኝ ዘግይቼ የመስጊዱ ግቢ ውስጥ፣ የጋለ ሲሚንቶ ላይ ሰገድኩ፤ ግንባሬ ለሁለት ቀን ቀልቶ ሰነበተ። ባለፈው ጁምዓ ግን በጊዜ ሄጄ ሁለተኛው ሰፍ ላይ፣ ከኦርሃን ጎን ተቀመጥኩ። ከፊታችን፣ ልክ ከኢማሙ ኋላ፣ የጀማል መስገጃ ተነጥፏል። ጀማል የሰው ስልክ መስታወት ሲቀይር ሱቁ ውስጥ ትቼው ነው የመጣሁት።

ኹጥባው አለቀ። ኢማሙ ዞር ብለው "ሰፉን አስተካክሉ፣ ክፍተቱን ሙሉ" አሉ። ሰዉ ሁሉ ያችን መስገጃ ያያል፤ ማንም አይነካትም። ኦርሃን ደግሞ መስገጃዋን ትቶ እኔን ያየኛል።

አጣጥፎ ከግድግዳው ጥግ ያስቀመጣት ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጀማልም እስከ ዛሬ እያጠያየቀ ነው። እኔ የማውቀው ሰፉ ሞልቶ እንደነበር ነው።