ብልትህ እንዴት አደረ?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ከቤቴ ብወጣ፣ ሐኪሞች ተሰልፈው ደጅ ሲጠኑኝ አገኘኋቸው። ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በእውኑ ዓለም ብልቴ ጫፉ ቀልቶና አብጦ፣ ሽንቴን በሸናሁ ቁጥር እያንገበገበኝ፣ ለባለቤቴ ለስንዱ እንኳ ትንፍሽ ሳልል የከረምኩ ሰው ነኝ። በሕልሜ ግን አገር ምድሩ ያውቃል።

«ደምሰው፣ ብልትህ እንዴት አደረ?» አለችኝ አንዲት አህያ። ጋሪ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች፤ ባለጋሪው እያለከለከ ይጎትታታል።

«ያው ነው፤ ያቃጥለኛል» አልኳት። ምንም አላፈርኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ጋሪው ላይ አሳፍራኝ ዕድራችን ድንኳን ደረስን። ሐኪሞቹም ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ ተከተሉን። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ጡሩንባ ነፉና «የደምሰው ብልት አብጧል! ጠይቁት!» ብለው ለፈፉ። ሰዉ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ጎረፈ። ጥግ ላይ ግን አንድ ሰውዬ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ኩርምት ብሏል።

«እሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጉንፋን ይዞታል ይባላል። አደራህን ለሰው እንዳታወራ፤ የልጆች አባት ነው።»

ተራ የደረሰው ሐኪም እጁን እያፍተለተለ ቀረበኝ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገር እንጂ፤ ምን ያሳፍርሃል?»

«ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡት፤ ሳሙና አያስነኩት። በደንብ አድርቀው የሚቀባ መድኃኒት ይቀቡት። ስኳርዎን ይለኩ። ባለቤትዎም አብረው ይታዩ።» ይህን ብሎ እፎይ አለና አለቀሰ።

«እሰይ! ወጣለት!» ብሎ ድንኳኑ አጨበጨበ። ስንዱ ከጭብጨባው መሃል ወጥታ እጄን ያዘችኝ። «ይኼው ነው? ይኼን ነው የደበቅኸኝ?» አለችና ሳቀች። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

«ደምሰው! ተነስ እንጂ!»

የእውነቷ ስንዱ ነበረች። ነግቷል። ለብሳ ጨርሳለች፤ ወንድሟም በሩ ላይ ቆሟል።

«ስታቃስት አደርክ እኮ የኔ ጌታ! ጥርሴ ነው እያልክ እስከ መቼ ትሰቃያለህ? ሐኪሙን አነጋግረናል፤ ዛሬ ይነቅልልሃል። የትኛው ነው?»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ስንዱ…» አልኩ። ወንድሟ ሊሰማ ቀረብ አለ።

አፌን ከፈትኩና አንዱን ደህና ጥርሴን አሳየኋት።