እትዬ ልኬት በረንዳቸውን ከረቂቅ ደንብ ያስጣሉበት ዜና

የበረንዳው ቆርቆሮ በተለወጠ በአራተኛው ዓመት፣ እትዬ ልኬት በስፌት መኪናቸው ላይ በነገሡ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ በዕለተ ሰኑይ ማለዳ፣ ንግሥተ መርፌ ወክር፣ ዐቃቢተ በረንዳ፣ አሳጣሪተ ሱሪ የሆኑት እኚህ እመቤት ወደ ሥራቸው ሲያልፉ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ረቂቅ ደንብ ተለጥፎ አዩ። አንቀጽ አራትም እንዲህ ሲል ያውጅ ነበር፦ «ማንኛውም የስፌት መኪና ከሕንፃ ግድግዳ ሁለት ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ርቆ ያልተገኘ ይወረሳል።» መኪናይቱ ደግሞ የእናታቸው ነበረች፤ ሁለቱ ልጆቻቸውም ያደጉት በእርሷ ፔዳል ነው። 

ወእምዝ ጭፍሮቻቸው ተሰበሰቡ፦ የጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ከነመዶሻው፣ በቁጣው የታወቀው ሬዲዮ ጠጋኝ ከነድምፅ ማጉያው፣ ለማየት ብቻ መጣሁ ያሉት የባላቸው እህት፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማያወርዱት ባላቸውም። በሬዲዮ ጠጋኙ ምክር በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ግማሽ ቀን ጮኹ፤ ዘበኛውም በትሕትና አዳመጣቸው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከጉሮሮ መዝጋት በቀር ያተረፉት የለም። ያን ጊዜ እትዬ ልኬት መነጽራቸውን አድርገው ማስታወቂያውን እስከ ታችኛዋ ደቃቅ መስመር አነበቡትና አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ፤ ያልሰማ ካለም ንገሩት! ጩኸት መዝገብ ቤት አይገባም። አስተያየት የሚቀበሉት በጽሑፍ ነው፤ እስከ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት። አንቀጹን በቁጥሩ ጥሩት፣ የሚጎዳችሁን ንገሩ፣ በምትኩ የምትፈልጉትን ጻፉ። ስድብ የጻፈ ሱሪው አይሰፋለትም!»

ሬዲዮ ጠጋኙም የጻፈውን ቀዶ እንደገና ጻፈ።

በሦስት ቀንም ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው በአስተያየቱ ዐሥራ ዘጠኝ ወረቀት ላይ ስሙን አስፍሮ ፈረመ። ዓርብ ከሰዓት እመቤታችን ወረቀቱ እንዳይበታተን ብለው በመኪናይቱ ሰፉት፤ እጅ ለምዶ የለ፣ ዳሩን እንደ ሱሪ ጫፍ ሁለት ጊዜ አጥፈው ነበርና የስሙ ዓምድ በሙሉ እጥፉ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም ገልጦ ገልጦ አየና ፈረደ፦ «ፊርማ አለ፤ ሰው የለም። አልቀበልም!» ሰዓቱ ዐሥር ተኩል አልፏል። ወይ ጉድ! የሃያ ሁለት ዓመት ስፌት እመቤታችንን ጉድ ሠራቸው። እትዬ ልኬት ግን ምላጭ ከቦርሳቸው አውጥተው በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ያን የመሰለ ስፌት ክር በክር ተረተሩት፤ ባላቸው ወረቀቱን ወጥረው ያዙላቸው፤ ለማየት ብቻ የመጡትም ክሩን ለቀሙ። ለዐሥራ አንድ አራት ደቂቃ ሲቀር ማኅተሙ አረፈ።

በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ፣ በሕዝብ አስተያየት አዳራሽ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። እመቤታችን የመጀመሪያውን ደቂቃ ያጠፉት ሜትሩን ከአንገታቸው በማውረድ ነው፤ ጫፉን ለሰብሳቢው ሰጥተው ከግድግዳው ጋር አስያዟቸውና እየተራመዱ አወጁ፦

«የበረንዳችን ወርድ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ሁለት ሜትር እዚህ እኔ የቆምኩበት ነው፤ ይህም በእኛ በረንዳ የጎርፍ ቦይ ነው። አንቀጽ አራት ቦይ ውስጥ ገብታችሁ ስፉ ይላል። የመኪናችን ወርድ ስልሳ ሳንቲ ነው። መኪናው ግድግዳ ይጠጋ፤ ለመንገደኛ አንድ ሜትር ይተው ተብሎ ይጻፍልን!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢውም የሜትሩን ጫፍ እንደያዙ ሳቁ፤ እመቤታችንም ደቂቃ ተርፏቸው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ሳምንት የተሻሻለው ረቂቅ ተለጠፈ፤ አንድ ሜትር ይላል። እትዬ ልኬት እስከ ታችኛዋ መስመር አነበቡት፤ ከዚያ መኪናይቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና አለቀሱ። በነጋታው ሰብሳቢው የተቀደደ ኮታቸውን ይዘው ከበረንዳው ቢደርሱ፣ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፤ እስከ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት!» ባላቸውም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

እነሆ፣ ቦዩን ለጎርፍ የተዉ፣ በረንዳውን ለሰው ያስቀሩ፣ የሰፉትን መተርተር ያላሳፈራቸው ታላቋ እመቤት እኚህ ናቸው። ሜትራቸው አይጠር፣ ክራቸው አይበጠስ፣ ወንበራቸውም ከግድግዳው አይራቅ!